የአባዬ ቮልስ ስንት ታወጣለች?

«ትሸጣለች?»

ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት ይህንን ጥያቄ ሰባት ጊዜ ተጠየቅኩ። ስድስቱን በሳቅ አለፍኳቸው። ሰባተኛው ሰውዬ ግን የምሩን ነበር። ቮልሷን ሁለት ጊዜ ዞራት። ተንበርክኮ ከሥሯ አየ። ፓራፋንጎዋን በጣቱ ጫፍ እየቆረቆረ ድምፁን አዳመጠ፤ ላሜራ ይሁን ስቱኮ ለማወቅ ነው። ከዚያ ስልኩን አወጣና አንድ ቁጥር ጽፎ አሳየኝ።

ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ሰፈራችን ያነባል። ይህችን ግን ልንገራችሁ፦ የምንኖርበትን ቤት ኪራይ ለሦስት ዓመት ያህል ይከፍላል። እኔ ደግሞ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ልጅ ነኝ። እንዲህ ያለ ቁጥር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ለተማርኩት ትምህርት ነውር ነው። «ከአባቴ ጋር ተማክሬ እደውልልዎታለሁ» አልኩትና ስልክ ቁጥሩን ተቀበልኩ።

አባዬ ከእኛ ሁለት ሜትር ርቆ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አላየንም። ሰምቶን እንደሆነ ግን የዚያን ሰዓት አልነገረኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ቮልሷ የ1965 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ናት። ሞተሯ 1200 ሲሲ ነው፤ ጉልበቷ 34 ፈረስ። የዛሬ ሞተር ሳይክሎች አንዳንዶቹ ይበልጧታል። አባዬ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ በ1984 ዓ.ም. ከአንድ የጤና መኮንን ላይ ገዛት። ያኔ ቮልስ የአስተማሪ፣ የነርስ፣ የመንግሥት ሠራተኛ መኪና ነበረች። ዕቁብ የደረሰው ሰው የሚያስባት፣ መካኒክ በየሰፈሩ የሚያውቃት፣ መንገድ ላይ ብትቆም አላፊ አግዳሚው ገፍቶ የሚያስነሳት መኪና።

በዓለምም ታሪኳ ቀላል አይደለም። በ1972 (እ.ኤ.አ.) የፎርድን ሞዴል ቲ የምርት ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ፑብላ ካለው ፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 2003 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን እስከዚያ ድረስ 21,529,464 ተመርተዋል። ሰኔ 15 የተሰባሰብነውም በምክንያት ነው። ዕለቱ በፈረንጆቹ ጁን 22 ነው። በ1934 (እ.ኤ.አ.) በዚህ ቀን ፈርዲናንድ ፖርሽ መኪናዋን ለመሥራት ውል የፈረመበት ስለሆነ የቮልስ ወዳጆች በየአገሩ ያከብሩታል። ብዙ አገር ላይ ዕለቱ የበጋ ፀሐይ ነው። እኛ ዘንድ ክረምት መግቢያ ስለሆነ ዣንጥላ ይዘን ነው የምናከብረው።

አባዬ መንዳት ያቆመው በ2004 ዓ.ም. ነው። ግላኮማ ዐይኑን ቀስ በቀስ ወሰደበት። መኪናዋን ግን አልሸጣትም። ሸራ አለበሳት፤ በቃ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ቤት ቀይረናል። ሦስቱንም ጊዜ ቮልሷ በገመድ እየተጎተተች ተከትላናለች። አከራዮቻችን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ልጆች አሏችሁ?» ሳይሆን «ያቺ መኪና አብራችሁ ናት?» ነበር። እማዬ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ሽጣት» ስትል፣ አባዬ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ትነሳለች» ሲል ኖሩ።

የካቲት 2016 ዓ.ም. ላይ ሸራውን አነሳሁ። እውነቱን ለመናገር በፍቅር አልነበረም የጀመርኩት። ሒሳቡ ገብቶኝ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሎ ነበር። ጥር 2016 ላይ ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጪ ያሉ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። እኔም «አሮጌ ቮልስ ከእንግዲህ አይገባም ማለት ነው፤ አቅርቦቱ ተዘጋ፤ ያለችው ያለችው ናት፤ ዋጋዋ ይወጣል» ብዬ አሰላሁ። ጠግኜ እሸጣታለሁ፣ ለአባዬም ለእማዬም ድርሻቸውን እሰጣለሁ፣ የቀረውን ለራሴ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁና በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ወጪ» ብዬ ጻፍኩ።

ደብተሩ ስድስት ወር ሳይሞላው አዋረደኝ።

መጀመሪያ የሰጠሁት ቦዲ ሠሪ ዝገቱን ሳያነሳ በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ቀባልኝ። በክረምቱ ቀለሙ እንደ እንጀራ ዐይን አወጣ። እንደገና ተፍቆ፣ የበሰበሰው ላሜራ ተቆርጦ፣ አዲስ ተበይዶ ተሠራ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ዘለለ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ሰኞ የጠየቅኩት ዕቃ ሐሙስ ሌላ ዋጋ ሆኖ ጠበቀኝ። የፍሬን ጎማዎቹንና የሞተር ጋስኬቶቹን ያገኘሁት ከአሜሪካ በመጣችው አክስቴ ሻንጣ ውስጥ ነው። ለእናቴ ቫይታሚን ለአባቴ ጃኬት ልታመጣ የነበረችውን ሴትዮ፣ ዘይት የሸተተ ካርቶን አሸክሜ አስመጣኋት። እስካሁን አልረሳችልኝም።

ያተረፈኝ ቂርቆስ አካባቢ ያገኘሁት ሽማግሌ መካኒክ ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ መኪናዋ ቤንዚን ትሸት ነበር፤ ካንዴላዎቿም ከሰል ይመስሉ ነበር። ጋሼ ካርቡራተሩን ፈቱና «ይህን ከታች አገር የመጣ ካርቡራተር ማን ገጠመው?» አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ካርቡራተሩ ግን ያንን አያውቅም፤ የለመደውን ቤንዚን ያወርዳል። ጋሼ ጂግለር የሚባለውን ቤንዚን የሚያሳልፍ ቀዳዳ በአነስተኛ ቀየሩት። መኪናዋ በአንድ ከሰዓት ሌላ መኪና ሆነች።

በአሥራ አራት ወሯ፣ ሚያዝያ 2017 ላይ ቦሎ ወሰደች። ደብተሩን ደመርኩ። ያወጣሁት ገንዘብ ልሸጣት ካሰብኩበት ዋጋ በልጧል።

እንግዲህ በአንደኛ ዓመት ሰንክ ኮስት የሚባል ነገር ተምረናል። ያለቀ ወጪ ውሳኔህን አይምራው፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ብቻ አስላ ይላል። ፈተናው ላይ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። የራስህ ደብተር ላይ ሲሆን ግን ይከብዳል። «ያን ያህል አውጥቼማ በርካሽ አልሸጣትም» አልኩና ሰኔን ጠበቅኩ። መኪና ወዳጆች የሚሰባሰቡበት ቀን ገዢ አይጠፋም ብዬ።

እሁድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ቦሌ አካባቢ አንድ ሰፊ ፓርኪንግ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ መኪኖች ተሰልፈው ነበር። አብዛኞቹ ቮልሶች ናቸው። ከመካከላቸው አንድ ፔጆ 404፣ አንድ ላንድሮቨር፣ ሁለት ላዳ፣ አንዲት ድሮ ታክሲ የነበረች ሰይቼንቶም አለች። እንዲህ ያለ ቦታ ሄዳችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፦ ምንም። ኮፈን ይከፍታል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይከራከራል። የዕለቱ ትልቁ ክርክር መብራት ነበር። የእኛ ቮልስ ስትሠራ ባለ 6 ቮልት ናት። መብራቷ ከሻማ ብዙም አይሻልም፤ አምፖሉም እንደ ልብ አይገኝም። ግማሹ «ወደ 12 ቀይረው፣ ማታ ሰው ሳትገጭ» ይላል። ግማሹ «ኦሪጅናሏን ነክተህማ ቮልስ አለኝ አትበል» ይላል። እኔ 6 ቮልቱን ይዤ፣ ማታ ባለመንዳት አስታርቄአቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። ከእኛ ፈንጠር ብላ በጣም የምታምር ቮልስ ቆማለች። ቀለሟ መስታወት፣ ኒኬሏ መስታወት። ባለቤቷ ዙሪያዋን በገመድ አጥሮ «አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጥፎባታል። ሰው ይመጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። የእኛዋ ጋ ደግሞ ወረፋ ነበር። ምክንያቱም አባዬ «ልጆች ይግቡ» ብሎ በሩን አስከፍቷል። አንዱ ልጅ መሪውን ይዞ ያዞራል፣ ሌላው ክላክስ ይነፋል፣ ወላጆቻቸው ደግሞ በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው ሽታውን ይስባሉ። የአሮጌ ቮልስ ሽታ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ቤንዚን፣ ጎማና የወንበር ስፖንጅ አንድ ላይ። አንድ ጎልማሳ ሰው ዐይኑ እንባ አቅርሮ «የአባቴ መኪና እንዲህ ነበር የምትሸተው» አለና ወንበሩን ዳበሰ። አባዬ «የት ነበር የሚያስተምሩት?» አለው። አባቱ አስተማሪ እንደነበሩ በምን እንዳወቀ አልገባኝም። ግን ልክ ነበር።

ሰባተኛው ሰውዬ ቁጥሩን ያሳየኝ ከዚህ በኋላ ነው።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ሰልፉ ወደ ቢሾፍቱ ተነሳ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፍጥነት መንገዱ አይደለም፤ በድሮው፣ በቃሊቲ፣ በአቃቂ፣ በዱከም አድርገን። የእንዲህ ያለ ጉዞ ዋና ሕግ ቀላል ነው፤ ቀርፋፋው ከፊት ይሁን። ጠንካራው ከመራ ደካማው ልድረስ ብሎ ሞተሩን ያቃጥላል። ስለዚህ ሰይቼንቶዋ መራችን። ሞተሯ 633 ሲሲ ናት። ሃያ መኪና በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከኋላዋ እንደ ሠርግ ሚዜ ተከተለ። ሁለተኛው ሕግ ርቀት መጠበቅ ነው፤ የእነዚህ መኪኖች ፍሬን እንደ ዘንድሮ መኪና ቀጥ አያደርግም። መንገድ ዳር ያለው ሰው እጁን ያውለበልባል፣ ባጃጆች ክላክስ ይነፋሉ። አባዬ ከጎኔ መስኮቱን ከፍቶ፣ ራሱን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጎ ይሰማል። ሬዲዮ የለንም። የሚሰማው ሞተሩን ነው።

ዱከም ልንገባ ስንል «አቁም!» አለኝ።

«ምነው አባዬ?»

«አቁምና አጥፋ! ማራገቢያው ዝም ብሏል!»

ዳር ይዤ ሞተሩን ሳጠፋ ነው ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በርቶ ያየሁት። እኔ ዐይን እያለኝ አላየሁትም። እሱ በጆሮው ቀደመኝ።

ይህንን ቮልስ ያላችሁ ሰዎች በደንብ ያዙልኝ። በብዙ መኪኖች ያ ቀይ መብራት ባትሪው እየተሞላ አይደለም ማለት ነው፤ እንደምንም ቀስ ብላችሁ ቤታችሁ ልትደርሱ ትችላላችሁ። ቮልስ ግን ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ዳይናሞውንና ማራገቢያውን የምታዞራቸው አንዲት ችንጋ ናት። ችንጋዋ ከተበጠሰች ሞተሩ አየር አጣ ማለት ነው። «ቢሾፍቱ ደርሼ አሠራታለሁ» ካላችሁ የምታሠሩት ችንጋ ሳይሆን ሙሉ ሞተር ነው።

የኋላ ኮፈኗን ስከፍት ችንጋዋ ለሁለት ተበጥሳ ወድቃለች። አሥራ ሁለት ዓመት የቆመ ጎማ ነው፤ እኔ ደግሞ ከውጪ ሲታይ ደህና ትመስላለች ብዬ አልቀየርኳትም ነበር። ከፊት፣ ከተጠባባቂ ጎማው ሥር፣ አዲስ ችንጋ አለች። ጋሼ በግድ ያስገዙኝ ናት። ግን እንዴት እንደምትገጠም አላውቅም። ሰልፉ በሙሉ ዳር ይዞ ቆመ። ወጣቶቹ ዙሪያውን ከበውኝ ስልካቸው ላይ ቪዲዮ ይፈልጋሉ።

አባዬ በሩን ዳብሶ ወረደ። የመኪናዋን ጎን በመዳፉ እየተከተለ ወደ ኋላ መጣ። «ትንሽ ትብረድ» አለ። ቡና ተጠጣ። ከዚያ «ካቻቢቴ፣ 21 ቁልፍ» አለኝና እጁን ዘረጋ።

ካቻቢቴውን ፑሌጃው ላይ ባለው ክፍተት አስገብቶ እንዳይዞር ያዘው፤ በቁልፉ ብሎኑን ፈታ። ፑሌጃው ለሁለት ይከፈላል፤ በመካከሉ ስስ ሮንደላዎች አሉ። እነሱን በጣቱ ቆጠረ። «እነዚህ ሁለቱ ወደ ውጪ ይምጡ» አለ። ሮንደላ ከመካከል ሲቀነስ ሁለቱ ግማሾች ይቀራረባሉ፣ ችንጋዋ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ትወጠራለች። ዘመናዊ መሣሪያ የለ፣ ምን የለ። ጨርሶ አጠበቀና ችንጋዋን በአውራ ጣቱ ተጫናት። ጣት ያህል ገባች። «በቃ» አለ።

ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። አንዴም ወደ ሞተሩ አላየም፤ ማየትም አይችልም። አንዱ ወጣት ስልኩን እንደያዘ «ፋዘር፣ ይቅርታ፣ አንዴ ይድገሙልን?» አለ። አባዬ ሳቀ። እውነትም ፈትቶ ደገመላቸው። የሒሳብ አስተማሪ እኮ ነው፤ ጥያቄ ያልገባው ተማሪ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ወጣቱ ራሱ በአባዬ እጅ እየተመራ ገጠማት።

ዐይኑ ከደከመ ጀምሮ ሰው ሁሉ «አይነሱ፣ እኛ እናመጣልዎታለን» ነው የሚለው። እኔም ጭምር። ያን ቀን ሃያ መኪና መንገድ ዳር ቆሞ የጠበቀው እሱን ነበር።

ቢሾፍቱ ሆራ ዳር ምሳ በላን፤ ስንመለስ ሳሪስ ጋ መብራት ያዘን። ከጎናችን አንዲት አዲስ አይዲ ፎር ቆመች፤ የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና። የልጅ ልጇ በሏት። ሞተሯ እንደ ቮልሷ ከኋላ ነው። ድምፅ ግን የላትም። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አደረገና ጠየቀ።

«ወንድሜ፣ ትሸጣለች?»

አባዬ ከእኔ ቀደመ። «ሰውዬው ያሳየህን ቁጥር ለዚህም ንገረው» አለኝ።

ለካ ጠዋት ሰምቶኛል።

ማታ ደብተሩን አውጥቼ ሦስታችን ተቀመጥን። ሒሳቡን በግልጽ አቀረብኩ። አንደኛ፣ ዋጋዋ በብር ጨምሯል ማለት አተረፍን ማለት አይደለም። ብሩ ራሱ ወርዷል፤ በዶላር ብንመነዝረው ጭማሪው ያን ያህል አያስፈነድቅም። ሁለተኛ፣ የቮልስ ገበያ ቀጭን ነው። ዛሬ አንድ ከልቡ የሚፈልግ ሰው አለ፤ ነገ ገንዘብ ሲቸግረን እሱ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ «ትቀመጥ፣ ትጨምራለች» የሚለው ምክር ቁጠባ አይደለም፤ ዕጣ ነው። ሦስተኛ፣ ማቆሙም ነፃ አይደለም። የቆመ ቤንዚን ይበላሻል፣ ጎማ ይደርቃል፣ የፍሬን ሲሊንደር ይነክሳል። አሥራ ሁለት ዓመት ሸራ ሥር ያተረፍንላት ዝገት ነው። ምርጫው ሁለት ነው አልኩ፦ ወይ አሁን እንሽጣት፣ ወይ እንንዳት። ሸራ ከእንግዲህ የለም።

አባዬ ዝም አለ። የመሰለውን ቢናገር የኪራዩ ነገር በእኛ ላይ እንደሚከብድ ያውቃል። እኔም «ሽጣት» የምትለው እማዬ ናት ብዬ ወደሷ ዞርኩ።

«ኪራዩን እስከ ዛሬ ማን ከፍሎት ነው?» አለች። «የሦስት ዓመት ኪራይ ሦስት ዓመት ሲሞላው ያልቃል። ከዚያስ?» ትንሽ ቆየችና ጨመረች፦ «አባትህ ዛሬ ማንም ሳይቀሰቅሰው ተነስቶ ጫማውን አሰረ። ስንት ጊዜው ነው?»

ደብተሩ ላይ ይህ የሚገባበት መስመር አልነበረውም። ኦፖርቹኒቲ ኮስት ሲያስተምሩን ትተኸው የመጣኸውን ነገር ዋጋ ቁጠር ይሉናል። እኔ የቆጠርኩት ባለመሸጤ የማጣውን ገንዘብ ብቻ ነበር። ሸጬ የማጣውን አልቆጠርኩም።

በማግስቱ ለሰውዬው ደወልኩ። አመስግኜ «አትሸጥም» አልኩት። ቅር አላለውም። «የምትጓዙበት ቀን ንገረኝና ልምጣ» ብቻ አለኝ።

እማዬ ግን ያለ ቅድመ ሁኔታ አልተስማማችም። ለመኪናዋ በወር የተቆረጠ ገንዘብ አለ፤ ከዚያ አንዲት ሳንቲም አታልፍም። ሁለት ወር ተከታትላ ካለፈች እኔው ራሴ ለሰውዬው እደውላለሁ። እስካሁን አንድ ጊዜ አልፋለች።

ግቢያችሁ ውስጥ ሸራ የለበሰች መኪና ካለች፣ ከእኔ ስህተት ተማሩ። ከቀለም አትጀምሩ። መጀመሪያ ፍሬን፣ የቤንዚን ጎማዎች፣ ችንጋ። ደህና የሚመስል አሮጌ ጎማ ሁሉ አሮጌ ነው። ቮልስ ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ፊልትሮም የላትም፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ቀይሩላት። የእሳት ማጥፊያ ከወንበሩ ሥር ይኑር። ላተርፍባት ነው ብላችሁ ከጀመራችሁ ደብተር ያዙ፤ ቶሎ ይመልሳችኋል። ያቺን መኪና ድሮ ይነዳት የነበረ ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ከጎናችሁ አስቀምጡት።

እኛ በሚመጣው እሁድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እንወጣለን። አባዬ አሁን ተጨማሪ ችንጋ ሳይዝ ከግቢ አያስወጣኝም። ሁለት ናቸው። አንዷ የእኛ ናት። ሌላዋ መንገድ ላይ ለምናገኘው ሰው ናት።